ምሥራቅ የሌለው ቤት

ወንድሜ ራዛካ ሴት ልጁን ለከሰል አክሳይ ልጅ ከሚድር ምላሱን ቢቆርጥ ይመርጣል። ይህን የምነግራችሁ ታላቅ እህቱ ነኝ። ጀርባዬ ላይ አዝዬ ስላሳደግሁት ግትርነቱን ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚባለው ለእሱ ነው።

ሰው ኔኒ ሱዋ ይለኛል። በአምቦዲራኖ መንደር፣ ባቡር ባለፈ ቁጥር ሳህኖቼ በሚንቀጠቀጡበት ቦታ፣ ሩዝና የቅጠል ወጥ እሸጣለሁ። ወንድሜ በዚህ ያፍራል። የመኳንንት ዘር ሩዝ አይሸጥም ባይ ነው። ሲርበው ግን መጥቶ ሁለት ሳህን ጥርግ አድርጎ ይበላል።

ከእኔ ቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራው የእንቁራሪቶቹ ቤት ነው። ረግረጉ ለመንገድ ሊደለደል ሲል የመንደሩ ወጣቶች እነዚያን ወርቅማ እንቁራሪቶች በእጃቸው ለቅመው አዳኗቸው። ከአውራ ጣት ጥፍር የሚበልጡ አይደሉም፤ ቀለማቸው ግን የብርቱካን ልጣጭ ነው። አዲሱ ኩሬ እስኪደርስ ድረስ በመስታወት ሳጥን ውስጥ እንዲቆዩና እንዲዋለዱ ነበር ሐሳቡ። ሳጥኑን የሠራው ሱሉፉ ነው፤ የከሰል አክሳዩ ልጅ። ሳጥኑ ውስጥ ምን እንደሚበቅል፣ ምን እንደሚበሉ፣ ስንት እርጥበት እንደሚፈልጉ የምትነግረው ደግሞ ታንተሊ ናት፤ ከተማ ተምራ የተመለሰችው የወንድሜ ልጅ።

ሁለቱ መስታወቱን በግራና በቀኝ ቆመው ይወለውሉ ነበር። እሱ በዚያ በኩል ጨርቁን ሲያዞር እሷም በዚህ በኩል ታዞራለች። እጆቻቸው መስታወቱ መሃል ላይ ሲገጣጠሙ ሁለቱም ያቆማሉ። እኔ በግድግዳው ቀዳዳ እያየሁ ሩዜ ያርራል።

የሱሉፉ ቅድመ አያቶች የእኛ ቅድመ አያቶች ባሮች ነበሩ። ይህን በመንደራችን ጮክ ብሎ የሚያወራ የለም፤ የሚረሳም የለም።

እንግዲህ ያ ክፉ እሑድ መጣ። ጠዋት ታንተሊ በሩን ስትከፍት እንቁራሪቶቹ አንዱ እዚህ አንዱ እዚያ በጀርባቸው ተንጋለው አገኘቻቸው። የተረፉት ጥቂት ናቸው፤ እነሱም ከቅጠል ሥር ተሸሽገው ድምፅ የላቸውም። ሰው ተሰበሰበ። መሬቱ የወንድሜ ነውና ወንድሜም መጣ፤ ባርኔጣውን ሳያወልቅ ምግብ ቤቴ መሃል ቆመ።

«ምን ገደላቸው?» አለ።

ታንተሊ ልትናገር አፏን ስትከፍት ሱሉፉ ቀደማት። «የእኔ ጥፋት ነው፣ አባባ። የከሰል ጭስ በልብሴ ይዤ እየገባሁ ነው። ሌላ የማንም እጅ የለበትም።»

«ታዲያስ» አለ ወንድሜ። «ጥላሸት ከቆዳ ይታጠባል። ከዘር ግን አይታጠብም።»

አንዳንዶቹ ሳቁ። እኔ ጭልፋዬን ጨበጥኩ፤ ወንድሜ ባይሆን ኖሮ አናቱ ላይ ነበር።

«ስሙኝ» አለ ራዛካ፣ ሰው ሲሰማው ደስ ይለዋልና። «ልጄን እንደምትመኝ አውቃለሁ፤ ዕውር አይደለሁም። ዝናቡ ሲገባ የጫካዎቹ እንቁራሪቶች ይዘፍናሉ። በዚያ ቀን የአንተዎቹ በመስታወት ውስጥ ከዘፈኑ፣ ተናጋሪ ሽማግሌህን ይዘህ ና፤ እሰማሃለሁ። ካልዘፈኑ ይህ ቤት ይዘጋል፣ እንስሳቱም ወደ ከተማ ይጫናሉ፣ አንተም ደጄን አትረግጥም።»

በሹፈት የተናገረው ነው፤ ሆኖም በሰው ፊት ተናገረው። በእኛ ዘንድ በሰው ፊት የወጣ ቃል ተመልሶ አይዋጥም።

ታንተሊ ሱሉፉን ታየው ነበር። አንዴ ቀና ብሎ ቢያያት ይበቃት ነበር። እሱ ግን መሬት መሬቱን እያየ ወጣ። በማግስቱም፣ በሳልስቱም መስታወቱን ብቻውን ወለወለ።

«ጠልቶኛል፣ አክስቴ» አለችኝ ጓዳዬ ገብታ። «በአባቴ ምክንያት መልኬን ማየት አስጠልቶታል።» የሩዝ ጆንያ ላይ ተቀምጣ እንደ ሕፃን አለቀሰች፤ እኔም አብሬያት አለቀስኩ፤ ለምን እንደማለቅስ ግን አላወቅሁም።

አሁን ስለ አጎበሩ ልንገራችሁ።

የመስታወቱ ሳጥን መጀመሪያ ታፍኖ ነበር። መስታወቱ ጉም ይለብሳል፣ ቅጠሉ ይሻግታል። ሱሉፉ አየር ማስገቢያ ቆርጦ የሚሸፍንበት መረብ ሲያጣ ታንተሊ ከሣጥኗ አዲስ አጎበር አወጣች። ከጤና ጣቢያ የታደለ፣ ላስቲኩ ያልተቀደደ። እናቷ ሳትሞት «ለትዳርሽ አልጋ» ብላ ያስቀመጠችላት ነው። በመቀስ ቆርጣ ስትሰጠው ፊቷ እስከ ጆሮዋ ቀልቶ ነበር፤ እሱም የገባው ይመስለኛል። የተረፈውን እኔ ወሰድኩት።

እኔም እንደ ማንኛዋም ባለሙያ ሴት ጥሩ ነገር አላባክንም። የተረፈውን አጎበር የሩዝ ቂጣዬ ላይ ዝንብ እንዳያርፍ ከደንኩት። ውጤቱ ግሩም ሆነ። ታንተሊ ስትመጣ ኩራቴን ልነግራት ቸኮልኩ።

«እይልኝ እስቲ፣ ልጄ። ያረፈበት ዝንብ ሁሉ እየተንፈራፈረ ይረግፋል። እንዲህ ያለ በረከት አይቼ አላውቅም።»

ታንተሊ ጠረጴዛው ላይ የረገፉትን ዝንቦች አየች። ከዚያ አጎበሩን በሁለት ጣቷ አነሳችና አሸተተችው። ፊቷ ላይ ደም አልቀረም።

«አክስቴ፣ ይህ መድኃኒት የተነከረ ነው። ለወባ ትንኝ።» ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። «ጤዛው እየነካው ይንጠባጠብባቸው ነበር። እንቁራሪት ደግሞ በቆዳው ነው የሚጠጣው። እኔ ነኝ የገደልኳቸው።»

እኔ በበኩሌ ቂጣውን ለማን ለማን እንደሸጥኩ እያሰብኩ ነበር። ደግነቱ ማንም አልታመመም።

ታንተሊ ግን ተነስታ ሮጠች። እኔም ወደ ግድግዳዬ ቀዳዳ ሮጥኩ፤ ምን ላድርግ።

ሱሉፉ ጎንበስ ብሎ ሽቦ ያጣምማል። «አጎበሩ የት አለ?» አለችው።

«ቀበርኩት።»

«መቼ?»

ሽቦውን ማጣመም ቀጠለ።

«እሑድ ጠዋት ነው አይደል? አባቴ ሳይመጣ። ታውቅ ነበር!»

«ስናበላቸው የነበሩት ትንኞች ከመረቡ ሥር ሞተው አየሁ። ያኔ ገባኝ።»

«ታዲያ ጭስ ነው ብለህ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ራስህን ያዋረድከው ለምንድን ነው?»

ያን ጊዜ ቀና አለ። «እናትሽ ለትዳር አልጋሽ ያስቀመጠችውን ነው የቆረጥሽልኝ። አባትሽ ቢሰማ ምን ይልሻል? እኔ ጥላሸት መባል ለምጄዋለሁ፣ ታንተሊ። አንቺ ግን የእናትሽን ስጦታ ባሰብሽ ቁጥር ሞት እንዲታወስሽ አልፈለግሁም። ለዚያ ነው ያላየሁሽ። ካየሁሽ ዓይኔ ይናገር ነበር።»

«እኔ እኮ የጠላኸኝ መስሎኝ ስንት ቀን አልቅሻለሁ።»

«እኔም ይህን ሽቦ ስንት ጊዜ ጣቴ ውስጥ እንደወጋሁት ብታውቂ።»

እጁን ያዘችው። የተወጉትን ጣቶች አንድ በአንድ ታያቸው ጀመር። ከዚያ በኋላ ቀዳዳውን በጨርቅ ደፈንኩት፤ እኔም ወግ አለኝ። ጭስ መውጫ አያጣም ይባላል፤ ፍቅርም እንደዚያው ነው።

ሥራው እንደገና ተጀመረ። ሳጥኑን ባዶ አድርገው አጠቡት፣ አፈሩን ለወጡ። መረብ ሲፈልጉ የዱቄት ወንፊቴን አውጥቼ ሰጠኋቸው፤ ከሞራማንጋ ገበያ የገዛሁት፣ ሽቦው ትንኝ የማያሳልፍ። ሱሉፉ ከፊት በኩል ከመሬቱ ከፍ ብሎ ቀጭን መስመር ከፈተ፣ ከኋላ ደግሞ ጣሪያው ጫፍ ላይ ሌላ መስመር። ሁለቱንም በወንፊቴ ሽቦ ሸፈናቸው።

«ሙቁ አየር በኋላ በኩል ሽቅብ ይወጣል» አለኝ። «ሲወጣ ቀዝቃዛውን በፊት በኩል ይስበዋል። የምድጃሽ ጭስ ማውጫ እንደሚሠራው ነው፣ ኔኒ።»

«ምድጃዬ ያን ያህል ብልህ መሆኑን አላውቅም ነበር» አልኩት።

ለማረጋገጥ ከጓሮዬ የዶሮ ላባ በክር አንጠልጥለው ከታችኛው መስመር ፊት ያዙት። ሁለቱም ትንፋሻቸውን ዋጡ። ላባዋ መጀመሪያ ዝም ብላ ተንጠለጠለች፤ ከዚያ ቀስ ብላ ወደ ውስጥ ዘመም አለች። ታንተሊ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ሱሉፉ ሣቀ። ከሞተ ኮምፒውተር የነቀላትን ትንሽ ማራገቢያ ከፀሐይ ባትሪው ጋር አገናኝቶ፣ ውሃ ከተረጨ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ብቻ እንድትዞር አደረጋት። በማግስቱ መስታወቱ ጥርት ብሎ አደረ፣ ሻጋታውም ጠፋ። የተረፉት እንቁራሪቶች ይበሉ ጀመር፤ ወፈሩም።

ግን አይዘፍኑም።

ችግሩ መብራቱ ላይ ነበር፤ ምኑ ላይ እንደሆነ ግን አልገባቸውም። ሱሉፉ ጣሪያውን ሙሉ ተለጣፊ የመብራት ገመድ ዘርግቶበታል። ቁልፉ ሲጫን በአንዴ ቦግ ይላል፤ መድኃኒት ቤት ይመስላል። እንቁራሪቶቹ ከቅጠል ሥር ንቅንቅ አይሉም። ሲያደበዝዘው ተክሉ ይጠወልጋል። ሰማዩ ደግሞ በየቀኑ እየጠቆረ ነው፤ ዝናቡ ደርሷል። ታንተሊ እንቅልፍ አጣች። ሱሉፉ ቋጥሬ የምሰጠውን ሩዝ እንኳ አይበላም ብላ እናቱ እኔ ጋ መጥታ ከሰሰችው።

በዚህ መሃል ወንድሜ ቁልፉን ሊረከብ ከወዲሁ ብቅ አለ። ቸኩሎ ነው። ስለ ራዛካ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ፤ በመንደራችን ቤት የሚያቀናው እሱ ነው። እሱ መጥቶ ደጁ ወደ ምዕራብ፣ የአያቶች መንፈስ የሚለመንበት ጥግ ወደ ሰሜን ምሥራቅ መሆኑን ሳያይ ማንም ምሰሶ አይተክልም። ጠማማ ቤት ሲያይ ጥርሱን እንደታመመ ሰው ይሆናል።

እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ሳጥኑን ዞረው። ሊሄድ ብሎ ተመለሰ። እንደገና ዞረው።

«ይሄ ምን ዓይነት ቤት ነው?» አለ በመጨረሻ፣ መቻል አቅቶት።

«ምን ሆነ፣ ዳዳ?» አለች ታንተሊ አባቷን።

«ምሥራቅ የለውማ! ጠዋት በየት በኩል ነው የሚገባላቸው? ከሁሉም አቅጣጫ በአንዴ ቦግ ያለ ፀሐይ የት አገር አይታችኋል? እኔ እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ብታስገቡኝ ሌባ የመጣብኝ መስሎኝ አልጋ ሥር ነበር የምገባው።» ባርኔጣውን አስተካክሎ እያጉረመረመ ወጣ።

ታንተሊና ሱሉፉ ተያዩ። ከዚያ ሱሉፉ መቀሱን አነሳ።

የመብራት ገመዱን ቆራርጦ ከምሥራቅ ጫፍ እስከ ምዕራብ ጫፍ በየተራ አሰለፈው፤ ለእያንዳንዱ ቁራጭ የየራሱ ሰዓት ቆጣሪ ቁልፍ ሰጠው። በምሥራቅ በኩል ያለው መጀመሪያ ፈዘዝ ብሎ ይበራል፤ ታንተሊ የከረሜላ ቢጫ መጠቅለያ አልብሳዋለች። ከዚያ ቀጣዩ፣ ከዚያ ቀጣዩ። ቀትር ላይ ሁሉም ይነቃሉ፣ ሲመሽ ከምሥራቅ ጀምረው ይተኛሉ። ከመብራቶቹ በታች ታንተሊ ራፊያ ከሚባል የዘንባባ ቃጫ ሳሳ ያለ ምንጣፍ ሠርታ ዘረጋች። ብርሃኑ በሽመናው ቀዳዳ እየሾለከ ቅጠሉ ላይ ነጠብጣብ ሆኖ ወረደ፤ ልክ ጫካችን ውስጥ እንደሚወርደው። ሁለቱ ጎን ለጎን ቁጭ ብለው ያን ትንሽ ንጋት አዩት። ራሷን ትከሻው ላይ ስትጥል እኔም ከበራፉ ሆኜ እዚያው ብቀር ብዬ ተመኘሁ።

ዝናቡ ገባ።

ከጫካው በኩል ጠዋቱን ጩኸት ተነሣ፤ እንቁራሪቱ ሁሉ አበደ። መንደሩ ላምባ የሚባለውን ኩታውን ተከናንቦ መጣ። ሰው ሠርግም ቢሆን ቀብርም ቢሆን ማየት አይጠላም። ወንድሜ የከሰል አክሳይ ቤቱ እንዲገባ ስላልፈቀደ፣ የጋብቻ ጥየቃው ንግግር እዚያው እንቁራሪቶቹ ቤት ደጃፍ፣ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ሆነ። በሱሉፉ በኩል አጎቱ ቤማሶ ተነሣ። ደግ ሰው ነው፤ አፈ ጉባኤ ግን አይደለም። እንደ ወጉ ለመናገር ስለመነሣቱ ይቅርታ ጠየቀ፤ ከፀሐይም፣ ከምድርም፣ ከታላላቆችም።

«ታናናሾችን ዘለልክ» አለ ወንድሜ፤ በወጉ የሳተ መቀጮ ይከፍላል። «ቅጣት አለብህ።»

ቤማሶ ታናናሾችንም ይቅርታ ጠየቀ። ላቡ ይወርዳል።

«እሺ፣ ዘፈኑ የታል?» አለ ራዛካ ጆሮውን ወደ በሩ ቀስሮ። ከጫካው ሌላ የሚሰማ የለም። «እኔ የምሰማው የዱር እንቁራሪት ነው። የአንተዎቹ ግን ዲዳ ናቸው።»

«ውጭ ደመና ነው፣ አባባ» አለ ሱሉፉ። «ውስጥ ግን ፀሐያቸው ገና አልወጣችም። ትንሽ ይታገሡ።»

«ትዕግሥቴን ጨርሻለሁ። ቁልፉን አምጣ። ዱሮም ጥላሸት የነካው ቤት…»

«ጥላሸት አይደለም!»

ሁሉም ዞረ። በጥየቃ ንግግር ላይ የምትጠየቅ ልጅ አፏን አትከፍትም። ታንተሊ ግን ከሴቶቹ መሃል ወጥታ አባቷ ፊት ቆመች። ዝናቡ ፀጉሯን እያራሰው ነው።

«ጭስ አልገደላቸውም፣ ዳዳ። እኔ ነኝ። እናቴ ለትዳሬ ያስቀመጠችልኝን አጎበር እኔ ቆርጬ ሰጠሁት፤ መድኃኒት ነበረው። እሱ አወቀ፤ እኔን አንተ ፊት ላለማዋረድ ጥላሸት ተብሎ ተሰደበልኝ። ከጨዋ ልጆች መሃል ይህን የሚያደርግልኝ አንድ ሰው ጥራልኝ፣ ነገውኑ አገባዋለሁ። ከሌለ ግን እኔ ይህን ሰው እወደዋለሁ። እንቁራሪቶቹ ቢዘፍኑም ባይዘፍኑም እወደዋለሁ።»

የሱሉፉ እናት ጥቁር መዳፏን ፊቷ ላይ አድርጋ አነባች። ወንድሜ ልጁን ከራስ እስከ እግሯ አያት።

«ያለ ተራሽ ተናግረሻል» አለ በመጨረሻ። «ቅጣት አለብሽ።»

«እቀበላለሁ» አለች።

ያኔ ነው የሰማሁት። መጀመሪያ ፌንጣ መስሎኝ ነበር። ጭ፣ ጭ፣ ጭ። ዝም አለ። ደግሞ ጭ፣ ጭ፣ ጭ። ከበሩ ውስጥ ነው። አንዱ ጀመረ፣ ሌላው መለሰለት፣ ከዚያ ሁሉም ተቀባበሉ። ሱሉፉ በጉልበቱ ጭቃው ላይ ተንበረከከ።

ወንድሜ ማንንም ሳያይ ወደ ውስጥ ገባ። ተከትዬው ገባሁ። ባርኔጣውን አውልቆ ነበር። በሳጥኑ ምሥራቅ በኩል ቢጫው ብርሃን ወርዶ፣ አንድ ብርቱካንማ ነገር ቅጠል ላይ ቁጭ ብሎ፣ ጉሮሮው እንደ ፊኛ እየተነፋ ፊቱን ወደ ንጋቱ አዙሯል።

«ወደ ምሥራቅ ዞሮ ነው የሚዘፍነው» አለ ራዛካ በሹክሹክታ።

«ታዲያ ቤቱን ያቀናህላቸው አንተ አይደለህ?» አልኩት። «አስታውስ እንጂ፤ አልጋ ሥር ነበር የምገባው ያልከው።»

ዓይኑ እርጥብ ነበር፤ ዝናቡ ደግሞ እዚያ ውስጥ አይገባም።

ሲወጣ ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀለት። ወንድሜ በሕይወቱ ይቅርታ ጠይቆ አያውቅም፤ ንግግር ሲከፍት እንኳ ወጉን በሌላ ሰው ነው የሚያስብለው። አሁን ግን ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ቆመ።

«ለመናገር ተነሥቻለሁና ይቅርታ» አለ። «ከፀሐይ ይቅርታ። ከታላላቆች ይቅርታ። ከታናናሾችም።» ወደ ሱሉፉ እናት ዞረ። «ጥላሸት ብዬ ስለተናገርኩት፣ ከአንቺም ይቅርታ።»

ከዚያ ሁለቱን አያቸው፤ ሱሉፉ ጭቃ ለብሷል፣ ታንተሊ በስብሳለች፣ እጆቻቸው ተያይዘዋል።

«ቅጣቱ ይህ ነው» አለ። «ከዚህ ዝናብ በኋላ ቤት ትሠራላችሁ። ከመሬቴ ላይ። ምሰሶውን ግን እኔ ሳልመጣ እንዳትተክሉ፤ ይህ ልጅ ምሥራቅን አያውቅም።»

ታንተሊ አባቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። ሱሉፉ ቀና ብሎ አያት፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ዓይኑን ሳይሰብር፣ እስኪጠግብ አያት። እኔም ጭልፋዬን ይዤ ዝናቡ ውስጥ ቆሜ እንደ ልጃገረድ አለቀስኩ፤ ሩዜ አርሮ ነበር፣ ግድ አልሰጠኝም።